ለጠያቂው የምንሰጠው መልስ

በአገራችን ሰው ከሰው ሲገናኝ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠያየቀው ጤናን ነው። «እንደምን አደራችሁ? እንደምን ከረማችሁ? ልጆቹ ደህና ናቸው ወይ?» ይባባላል፤ መልሱም «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን» የሚል ነው። ትኩሳት ይዞት ያደረውም ሰው፣ ልጁ ታሞበት እንቅልፍ ያጣውም አባት፣ ወገቧ አላስቀምጥ ያላትም እናት መልሳቸው ያው ነው። ይህንንም ውሸት ብለን አንነቅፈውም፤ ምስጋናን ከብሶት ማስቀደም የመልካም አስተዳደግ ምልክት ነውና። ነገር ግን ይህ መልካም ልማዳችን የማይስማማው አንድ እንግዳ አለ። እርሱም መጠይቅ ይዞ ስለ ቤተሰባችን ጤና ሊጠይቅ በደጃፋችን የሚቆም የዳሰሳ ጥናት ሠራተኛ ነው። በዚህ ወር በገጻችን ልንነጋገርበት የወደድነውም ነገር ይኸው ነው። ለዚህ ጠያቂ ምን ብለን እንመልስለት? መልሳችንስ ለማን ይጠቅማል?

ምናልባት ከአንባቢዎቻችን አንዱ፣ «የሕዝቡን ጤና ለማወቅ የሐኪም ቤቱ መዝገብ አይበቃምን? በየቤቱ እየዞሩ ሰውን መጠየቅ ስለ ምን አስፈለገ?» ይል ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ የሐኪም ቤት መዝገብ የሚያውቀው ወደ ሐኪም ቤት የመጣውን ብቻ ነው። መንገዱ ርቆባት በቤቷ የወለደችውን እናት አያውቃትም። በሌሊት ታምሞ ጎሕ ሳይቀድ ያረፈውን ሕፃን አያውቀውም። ገንዘብ አጥቶ ሕመሙን በሆዱ ይዞ የተቀመጠውን ሽማግሌም አያውቀውም። ስለዚህ መዝገቡን ብቻ የሚመለከት ሹም፣ ጥቂት ሕመምተኞች የተጻፉበትን ወረዳ ጤነኛ ወረዳ ነው ብሎ ሊያስብ ይችላል፤ እውነቱ ግን ሐኪም ቤቱ ሩቅ ስለ ሆነ ሕመምተኛው ሁሉ በየቤቱ ተኝቶ ይሆናል። ያልመጣውን ለማወቅ ወደ እርሱ መሄድ ግድ ነው።

በየደጃፉ መጠየቅ ምን ያህል እንደሚጠቅም ለመረዳት ከሌላ አገር ታሪክ አንዱን እናንሣ። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1854 በኦገስት ወር መጨረሻ፣ በሎንዶን ከተማ ሶሆ በተባለው ሰፈር የኮሌራ በሽታ ተነሥቶ ከ600 በላይ ሰዎችን ፈጀ። በዚያን ዘመን ብዙዎቹ ሊቃውንት በሽታው የሚመጣው ከክፉ ሽታ ነው ይሉ ነበር። ጆን ስኖው የተባለ ሐኪም ግን በሟቾቹ ቤት እየዞረ ውኃ ከየት ይቀዱ እንደ ነበር ጠየቀ፤ አብዛኞቹም ብሮድ ስትሪት በተባለው መንገድ ዳር ከነበረው ጉድጓድ በእጅ እየተሳበ የሚወጣውን ውኃ ይጠጡ እንደ ነበር አገኘ። ያገኘውንም ለአጥቢያው አስተዳዳሪዎች አስረዳቸውና ሴፕቴምበር 8 ቀን የውኃ መሳቢያው እጀታ ተነቀለ።

በዚያው ሰፈር በቅዱስ ሉቃስ ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግል ሄንሪ ኋይትሄድ የሚባል ወጣት ካህን ነበረ። ይህ ካህን የሐኪሙን አሳብ አላመነበትም፤ ስሕተት መሆኑንም ለማስረዳት ብሎ ምእመናኑን በየቤታቸው እየሄደ ይጠይቅ ጀመር። የሞቱትን ብቻ ሳይሆን የተረፉትንም፣ ከጉድጓዱ የጠጡትን ብቻ ሳይሆን ያልጠጡትንም ጠየቀ። መልሱ እየተከማቸ በሄደ ቍጥር ግን አሳቡ ተለወጠ፤ ሐኪሙ እውነቱን እንደ ነበረ ተረዳ። በመጨረሻም ሕፃኗ የሞተችባትን አንዲት እናት ባነጋገረ ጊዜ፣ የታመመችውን ልጅ ጨርቅ ያጠበችበትን ውኃ በቤቱ ፊት ለፊት ከነበረው የቆሻሻ ጉድጓድ ትደፋ እንደ ነበር ነገረችው። ያ ጉድጓድ ተቈፍሮ ሲመረመር ግንቡ ተበላሽቶ፣ ቆሻሻው በአጠገቡ ወደ ነበረው የመጠጥ ውኃ ይሰርግ እንደ ነበር ተገኘ። እንግዲህ ልብ እንበል፤ የዚያን ሁሉ ሰው ሞት ምክንያት ለመግለጥ የረዳው ኀዘን ላይ የነበረች አንዲት እናት ሳትሸሽግ የተናገረችው ቃል ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። መላ ኢትዮጵያን የሚመለከተው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት ለመጀመሪያ ጊዜ የተደረገው በ1992 ዓ.ም. ነው። ያካሄደውም በዚያን ጊዜ የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ባለሥልጣን ይባል የነበረው፣ ዛሬ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት የተባለው መሥሪያ ቤት ነው። ከዚያም በ1997፣ በ2003 እና በ2008 ዓ.ም. እንደዚሁ ተደርጓል፤ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ አነስ ያለ ጥናት ተከትሏል። በ2008ቱ ጥናት 16,650 ቤተሰቦች ተጠይቀዋል። ከእነዚሁም ውስጥ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆኑ 15,683 ሴቶችና ከ15 እስከ 59 ዓመት የሆኑ 12,688 ወንዶች በየራሳቸው መልስ ሰጥተዋል።

«ይህን ያህል ሚሊዮን ሕዝብ ባለበት አገር 16,650 ቤት ምን ያስረዳል?» የሚል ቢኖር መልሱን ከማድ ቤት ያገኘዋል። ባለሙያ ሴት የወጡን ጨው ለማወቅ ድስቱን ሙሉ አትጠጣውም፤ አማስላ አማስላ በመዳፏ ጠብ ታደርግና ትቀምሰዋለች። ወጡ በሚገባ ከተማሰለ ያቺ ጠብታ ስለ ድስቱ ሁሉ ትመሰክራለች፤ ካልተማሰለ ግን ከላይ አልጫ ሆኖ ከታች ጨው ሊሆን ይችላል። በዳሰሳ ጥናት ማማሰል የሚባለው ዕጣ ነው። ቀበሌዎቹም ቤቶቹም የሚመረጡት በዕጣ ነው እንጂ ለመንገድ የቀረበው፣ ጠያቂውን የሚያውቀው፣ ቡና የሚያፈላለት ተፈልጎ አይደለም። ስለዚህ ዕጣ የወጣለት ቤት በአማካይ ከአንድ ሺህ ለማያንሱ ቤቶች ይናገራል ማለት ነው። ያ ቤት ውሸት ቢናገር የሺህ ቤት እውነት ይጎድላል።

ለመሆኑ ጠያቂዎቹ የሚጠይቁት ምንድን ነው? ከሁሉ የሚከብደውን ጥያቄ እናንሣ። እናቲቱ በሕይወቷ ስንት ልጅ እንደ ወለደች፣ እያንዳንዱ መቼ እንደ ተወለደ፣ አሁን በሕይወት መኖሩን፣ ሞቶም ከሆነ በስንት ቀኑ ወይም በስንት ወሩ እንደ ሞተ፣ አንድ በአንድ ትጠየቃለች። ይህ ጥያቄ ቍስል ይነካል። ነገር ግን የአገሪቱ ሕፃናት ምን ያህሉ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው እንደሚሞቱ የሚታወቀው ከዚሁ ከእናቶች ቃል ነው። በ1992ቱ ጥናት በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። ይህ ቍጥር በ1997 ወደ 123፣ በ2003 ወደ 88፣ በ2008 ወደ 67 ዝቅ አለ። በአሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ ከየሺሁ ሕፃናት 99 ያህሉ ከሞት ተረፉ ማለት ነው። ክትባት፣ የሕፃናት ምግብ፣ የወባ መከላከያ አጎበር፣ በየቀበሌው የተሠማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በዚህ ሥራ ድርሻ እንደ ነበራቸው አይጠረጠርም። ይሁን እንጂ ሥራው ፍሬ ማፍራቱንና አለማፍራቱን የምናውቀው በመጠየቅ ነው።

እዚህ ላይ ለክርስቲያን ቤተሰቦቻችን በተለይ የምንነግራቸው ነገር አለ። ከእነዚያ 67 ሕፃናት 29ኙ የሞቱት አንድ ወር ሳይሞላቸው ነው። በእኛ ሥርዐት ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ይነሣሉ። ከዚያ በፊት ያረፈ ሕፃን ግን በብዙ ቦታ ለቅሶው አጭር ነው፤ ስም አልወጣለትም፣ እድርም አልተጠራለትም። እናቲቱ ስንት ልጅ ወልደሽ ነበር ብትባል በሕይወት ያሉትን ትቈጥርና ያንን ትተወዋለች፤ ጎረቤቶቿም «እርሱማ ገና ምኑም ያልታወቀ ነበር» ይላሉ። እናት ግን በልቧ አልረሳችውም። ያ ሕፃን በመጠይቁ ላይ ካልተጻፈ፣ ሕፃናት በተወለዱበት ሳምንት የሚሞቱበት ቀበሌ ሕፃን የማይሞትበት ቀበሌ መስሎ ይታያል፤ ለሚቀጥለውም ሕፃን መድረስ የነበረባት አዋላጅ ወደ ሌላ ቦታ ትላካለች። ስለዚህ እኅታችን ሆይ፣ ስትጠየቂ ያንንም ቍጠሪው። ስም ያልወጣለት ልጅሽ ለሌላይቱ እናት ልጅ ሕይወት ምክንያት ሊሆን ይችላልና።

ዓመቱን በትክክል አላውቀውም ብላችሁ አትፈሩ። ሕዝባችን ልደትን በቍጥር ብዙ አይዝም። «በዘመነ ማርቆስ ለኅዳር ሚካኤል ማግስት ተወለደች» ማለት ግን ያውቃል፤ የተማረ ጠያቂም ይህን ወደ ዓመተ ምሕረት ሊመልሰው ይችላል። የሕፃናቱን የክትባት ካርድ ከክርስትና ምስክር ወረቀታቸው ጋር በአንድነት በደህና ቦታ ማስቀመጥ ደግሞ ለጠያቂው ትልቅ እርዳታ፣ ለልጆቹም ጥቅም ነው።

ሕዝባችን መቈጠርን የሚፈራበት ምክንያት እንዳለውም እናውቃለን። አንዳንዱ ንጉሥ ዳዊት እስራኤልን ባስቈጠረ ጊዜ መቅሠፍት እንደ መጣ ያስባል። ነገር ግን በሙሴ ዘመን እስራኤል የተቈጠሩት በእግዚአብሔር ትእዛዝ ነው፤ መድኃኔ ዓለም ክርስቶስም በቤተ ልሔም የተወለደው እመቤታችንና ጻድቁ ዮሴፍ ለመቈጠር በሄዱበት ወራት ነው። ሊቃውንቱም የዳዊት በደል የሠራዊቱን ብዛት አይቶ ለመመካት ማሰቡ እንደ ሆነ ያስተምራሉ። የታመመውን ለመፈለግ መቈጠር ከዚህ ጋር አይገናኝም፤ እረኛ ማታ ማታ በጎቹን የሚቈጥረው የጠፋችው እንዳለች ለማወቅ ነውና።

ሌላው ደግሞ «ግብር ይጨምሩብኛል» ብሎ ከብቱንና ልጆቹን ይሸሽጋል፤ ወይም «እህል ይሰጡኛል» ብሎ ያልተራበውን ተራብሁ፣ ያልታመመውን ታመመ ይላል። የሁለቱም ጥፋት አንድ ነው። የመጀመሪያው ድሀው እንዳይታይ ያደርጋል፤ ሁለተኛውም ከባሰበት ሰው አፍ ይነጥቃል። አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ብለዋል፤ ያልያዘውን በሽታ የሚያወራም የሌላውን መድኃኒት ይወስዳል።

የቤት አባወራዎችም ልብ እንዲሉ እንለምናለን። ጠያቂዋ ሚስትህን ለብቻዋ ላነጋግራት ብትል ይህ ንቀት አይደለም። ስለ ወሊድ፣ ስለ ሴቶች ሕመም፣ በቤት ውስጥ ስለሚደርስ ግፍ የሚጠየቁ ጥያቄዎች አሉ፤ ሴት እነዚህን በባሏ፣ በአማቷ ወይም በልጆቿ ፊት አትናገርም። በ2008ቱ ጥናት በቤት ውስጥ ስለሚደርስ ግፍ የተጠየቀችው በእያንዳንዱ በተመረጠ ቤት አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ ለብቻዋ መሆን ካልተቻለም ጥያቄው ይቀራል። ይህም የተደረገው የተናገረችው ነገር ተመልሶ ጉዳት እንዳያመጣባት ነው። እንግዲህ አስተዋይ ባል በዚያን ሰዓት ወደ ከብቶቹ ወጣ ይበል።

እስካሁን የተናገርነው በቤት ስለሚደረገው ጥያቄ ነው። በሐኪም ቤት ውስጥ ለሕመምተኞች የሚቀርበው ጥያቄም የዚሁ ወንድም ነው። ዛሬ በብዙ ሆስፒታሎች ታካሚው ከመውጣቱ በፊት ሐኪሙ አዳምጦት እንደ ሆነ፣ ስለ መድኃኒቱ አወሳሰድ ተነግሮት እንደ ሆነ፣ የተኛበት ክፍል ንጹሕ እንደ ነበረ፣ በክብር ተስተናግዶ እንደ ሆነ ይጠየቃል። ሕመምተኛው ግን ጠያቂው ነጭ ጋወን ለብሶ ሲያየው፣ «ነገ ተመልሼ እመጣ ይሆናል፣ ቢቀየሙኝስ» ብሎ ይፈራል፤ «ሁሉም መልካም ነው፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው» ብሎም ይወጣል። ሌሊቱን ሙሉ ውኃ የሚያቀብለው አጥቶ ያደረው ሰው እንዲህ ሲል፣ በሚቀጥለው ሌሊት በዚያው አልጋ የሚተኛውም ውኃ እንዳጣ ያድራል። ለዚህ ነው ጥያቄውን የሚያቀርበው ሰው ካከመው ሰው የተለየ ቢሆን፣ ስምም ባይጻፍ የሚሻለው።

የሕመምተኛው ደኅንነት በሰውነት ብቻ አይለካም፤ የመንፈሱም ሁኔታ ይጠየቃል። ከዓለም ጤና ድርጅት የወጣ፣ በብዙ አገሮች የሚሠራበት አምስት ጥያቄ ብቻ ያለው አጭር መጠይቅ አለ። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ሰውየው ደስታ፣ እርጋታና ብርታት ተሰምቶት እንደ ሆነ፣ ከእንቅልፉ ዐርፎ ይነሣ እንደ ሆነ፣ የዕለት ኑሮው ልቡን በሚስብ ነገር የተሞላ እንደ ሆነ ይጠይቃል። ለእያንዳንዱ መልስ ከ0 እስከ 5 ነጥብ ይሰጠዋል፤ ድምሩ በ4 ሲባዛ ከ100 የሚታሰብ ውጤት ይሆናል። ከ50 በታች ያገኘ ሰው በኀዘን በሽታ ተይዞ እንደ ሆነ በሚገባ ሊመረመር ይገባዋል። የቍስል ትኩሳት በቴርሞሜትር ይታወቃል፤ ለዚህ ዐይነቱ ሕመም ግን ከጥያቄና ከእውነተኛ መልስ በቀር ቴርሞሜትር የለውም።

እዚህም ላይ የጠያቂው ወገን ሊጠነቀቅበት የሚገባ ነገር አለ። የባዕድ አገርን ጥያቄ ቃል በቃል ወደ አማርኛ መልሶ ማቅረብ አይበቃም። የእኛ ሰው ሲያዝን «ሆዴ ባባ» ይላል፤ ሲጨነቅ «ራሴን ያቃጥለኛል፣ ልቤን ያፍነኛል» ይላል። ይህን የማያውቅ ጠያቂ ኀዘኑን የራስ ምታት አድርጎ ይጽፈዋል፤ ወይም ሰውየው ጥያቄው ሳይገባው በይሉኝታ «አዎን» ይለዋል። በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛ፣ በሌሎቹም ቋንቋዎቻችን እንደዚሁ ነው። ጥያቄ በሕዝቡ አፍ ሊፈተን፣ ሕዝቡ በሚናገርበትም ቋንቋ ሊጠየቅ ይገባል።

ጠያቂው ሌላም ዕዳ አለበት። ስለ ምን እንደ መጣ አስቀድሞ ያስረዳ፤ ፈቃድ ይጠይቅ፤ የሰማውን በመንደር አያውራ። ከጣት ጥቂት ደም ቢወስድ ለምን እንደሆነ ይንገር። ተጠያቂውም ደስ የማይለውን ጥያቄ ልለፈው የማለት፣ ጨርሶም አልጠየቅም የማለት መብት አለው። ከሁሉም በላይ የተገኘው ውጤት በአዲስ አበባ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ እንዳይቀር፣ ቃሉን ወደ ሰጠው ሕዝብ በሥራ ሆኖ ሊመለስ ይገባዋል። እየተጠየቀ ምንም ሳያይ የሚቀር ሕዝብ በሦስተኛው ጊዜ ደጁን ቢዘጋ አይፈረድበትም።

መልስ ወደ ሥራ ሲለወጥ ምን እንደሚመስልም አይተናል። በ1992ም በ1997ም ከየመቶው ወሊድ በጤና ተቋም የሚፈጸመው 5 ብቻ ነበር። በ2003ቱ ጥናት እናቶች ለምን በቤት እንደሚወልዱ ሲጠየቁ ብዙዎቹ አያስፈልግም፣ ልማዳችንም አይደለም ብለው መለሱ። እንግዲህ ሕንጻ መሥራት ብቻውን እንደማይበቃ ታወቀ። በብዙ ጤና ጣቢያዎችም ለነፍሰ ጡሮች ማረፊያ ቤት ተሠራ፤ የአራስ ገንፎ ይገነፋ፣ ቡና ይፈላ ጀመር። በጤና ተቋም የሚወለደውም በ2003 ከመቶ 10፣ በ2008 ከመቶ 26፣ በ2011 ደግሞ ከመቶ 48 ደረሰ። ይህን ሁሉ መጠይቅ ብቻውን አደረገው አንልም፤ ሆኖም እናቶቹ የልባቸውን ባይናገሩ ኖሮ የጎደለው ነገር ምን እንደ ሆነ ማን ያውቅ ነበር?

ስለዚህ፣ ውድ ቤተሰቦቻችን፣ ጠያቂ በደጃችሁ ሲመጣ መታወቂያውንና የተላከበትን ደብዳቤ አይታችሁ ካመናችሁበት በኋላ ግቡ በሉት፣ ወንበር ስጡት። ለሰላምታው እንደ ልማዳችሁ «እግዚአብሔር ይመስገን» በሉ። መጠይቁን ሲከፍት ግን የታመመውን ታመመ፣ የሞተውን ሞተ፣ የማታውቁትን አናውቅም በሉት። የእናንተ ቤት በዚያ ቀን የሚናገረው፣ ጠያቂ ላልደረሰባቸው፣ ስማቸውንም ለማታውቋቸው ብዙ ቤቶች ጭምር ነውና።